የባቄላ ሥር ለምን ይቀላል? ኖዱል ራሱን ከኦክሲጅን ጉዳት የሚጠብቅበት መንገድ



የዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን ርዕስ ከካፌያችን ትሪ ላይ በየቀኑ የምናገኘው ነገር ነው። ስለ ካፌው ሽሮ ብዙ ቀልደናል፤ ቀጠነ ብለናል፣ ውሃ በዛበት ብለናል። ለመሆኑ ያ ሽሮ የተሠራበት ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ፕሮቲኑን ከየት አመጣው? ጤፍና ገብስ ያለ ማዳበሪያ ሲቸገሩ ጥራጥሬ በደከመ መሬት ላይ ቆሞ የሚያፈራው በምን አቅሙ ነው? መልሱ ከአፈር በታች፣ ሥሩ ላይ ባለች ከምስር ፍሬ በማትበልጥ እባጭ ውስጥ ይገኛል። እባጯን በክፍል ውስጥ ኖዱል እንላታለን።

ይህን ርዕስ ያስመረጠን ባለፈው ክረምት ያጋጠመን አንድ ጥያቄ ነው።

ትክል ድንጋይ ላይ የተጠየቅነው

ትምህርት ከመከፈቱ በፊት፣ በነሐሴ መጨረሻ፣ ጥቂት ሆነን ከጎንደር በስተሰሜን ወደምትገኘው ትክል ድንጋይ ሄደን ነበር። ትክል ድንጋይ የላይ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የሄድነው የአንድ ወንድማችንን ቤተሰብ ለመዘየር ነበር። ምሳ ከበላን በኋላ አባቱ ወደ ማሳቸው ይዘውን ወጡ። ባቄላ ዘርተዋል። ከተዳፋቱ ላይ ያለው ባቄላ ለምለም ሆኖ አበባ ይዟል። ወደ ታች ዝቅ ብሎ ዋልካው መሬት ላይ ያለው ግን ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ቁመቱም አጥሯል።

«እናንተ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆች እስቲ ንገሩኝ» አሉን። «ዘሩ አንድ ነው። የተዘራበትም ቀን አንድ ነው። ላይኛው እንዲህ ሲያምር ታችኛው ለምን ገረጣብኝ? ለጤፉ ያስቀመጥኋት ትንሽ ዩሪያ አለች። ልበትንበት ወይስ ልተወው?»

እውነቱን እንናገርና ከመካከላችን አንዱ «ይበትኑበት» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ቢጫ ቅጠል ማለት የናይትሮጂን እጥረት ነው፤ ዩሪያ ደግሞ 46 በመቶው ናይትሮጂን ነው፤ ሒሳቡ ቀላል መሰለን። ወንድማችን ግን «ቆይ፣ መጀመሪያ ሥሩን እንየው» አለ። በዶማ ከላይኛውም ከታችኛውም ማሳ ሦስት ሦስት እግር ባቄላ ከነአፈሩ አወጣ። ኖዱሎቹን በምላጭ ለሁለት ከፈልናቸው።

የላይኛው ማሳ ኖዱል ውስጡ ቀይ ነበር፤ ልክ ጥሬ ሥጋ የተቆረጠ ይመስላል። የታችኛው ማሳ ኖዱል ግን ውስጡ አረንጓዴ ነበር፤ አንዳንዱም ቡናማ ሆኖ ሲነኩት ይፈርሳል።

አባታችን ጎንበስ ብለው አዩት። «ይኼ ደም ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ከመሰለን በላይ ወደ እውነቱ የቀረበ ነበር። ያን ቀን በጥቂቱ የመለስነውን አሁን አስፋፍተን እንማረው።

ኖዱል ምንድን ነው?

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ የሚሆነው ናይትሮጂን ነው። ሆኖም ሁለቱ የናይትሮጂን አተሞች በሦስት እጥፍ ቦንድ ተቆላልፈው ስለተያዙ እንስሳም ሆነ ተክል ከአየር ወስዶ ሊጠቀምባቸው አይችልም። ያን ቁልፍ መክፈት የሚችሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎች አሉ። የጥራጥሬ ሥር ላይ የሚኖሩት እነዚህ ባክቴሪያዎች በጥቅሉ ራይዞቢየም ይባላሉ። ጀርመናውያኑ ሄልሪገል እና ቪልፋርት በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥራጥሬ በእባጮቹ አማካኝነት የአየር ናይትሮጂን እንደሚጠቀም አሳዩ። ሆላንዳዊው ባየሪንክ ደግሞ በ1888 (እ.ኤ.አ.) ባክቴሪያውን ከኖዱል ለይቶ አወጣው።

ነገሩ እንደ ስምምነት ነው። ተክሉ ከቅጠሉ የሠራውን ስኳር ወደ ሥሩ ይልካል፤ ቤትም ይሠራል። ባክቴሪያው በዚያ ቤት ውስጥ መልኩን ቀይሮ ባክቴሮይድ የሚባለውን ይሆንና የአየር ናይትሮጂንን ወደ አሞኒያ ለውጦ ለተክሉ ይሰጣል። ሁኔታው ሲመች ባቄላ በአንድ ሄክታር ላይ በአንድ ወቅት ከ100 ኪሎ በላይ ናይትሮጂን ከአየር ሊያስገባ ይችላል። አባቶቻችን ባቄላ የነበረበትን መሬት በዓመቱ ጤፍ ወይም ስንዴ የሚዘሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለእያንዳንዱ ጥራጥሬ የሚስማማው ባክቴሪያ የተለያየ መሆኑንም ልብ እንበል። ባቄላ፣ አተርና ምስር አንድ ዓይነት ራይዞቢየም ይጋራሉ። የሽምብራው ሌላ ነው፤ የአኩሪ አተሩም ሌላ ነው። አንዱ ለሌላው በር አይከፍትም።

እንቆቅልሹ፦ ያለ ኦክሲጅን የማይኖር፣ በኦክሲጅን የሚሞት

ናይትሮጂንን ወደ አሞኒያ የሚለውጠው ኢንዛይም ናይትሮጂኔዝ ይባላል። ሁለት ባሕርያት አሉት።

አንደኛ፣ ብዙ ጉልበት ይበላል። አንዲት የናይትሮጂን ሞለኪውል ለመስበር 16 ኤቲፒ እና 8 ኤሌክትሮን ይፈልጋል። ይህን ያህል ኤቲፒ ለማምረት ባክቴሮይዱ ያለ እረፍት መተንፈስ አለበት፤ ለመተንፈስ ደግሞ ኦክሲጅን ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ ናይትሮጂኔዝ ኦክሲጅን ሲነካው ይበላሻል። በውስጡ ያሉት የብረትና የድኝ ስብስቦች ይፈርሳሉ፤ አንዴ ከፈረሱም ኢንዛይሙ ወደ ሥራው አይመለስም።

እንግዲህ ጭንቁን እንየው። ኦክሲጅን ቢዘጋ ጉልበት የለም፤ ቢከፈት ደግሞ ሠራተኛው ይሞታል። ቡና ስናፈላ ከሰሉን እንደምናራግበው ነው፤ ካላራገብነው ይጠፋል፣ ከመጠን በላይ ካራገብነው ፍንጣሪው ልብስ ያቃጥላል። ኖዱል ዕድሜውን በሙሉ የሚኖረው በዚህ መሐል ነው።

የመጀመሪያው መከላከያ፦ ጠባብ በርና ቀይ ተሸካሚ

ኖዱል ይህን ጭንቅ በሦስት መንገድ ይፈታዋል።

አንደኛው በሩ ነው። በኖዱሉ ውጫዊ ክፍል ውስጥ በሴሎቹ መካከል ያለው ክፍተት በውሃ የተሞላበት ቀጭን ሽፋን አለ። ኦክሲጅን በአየር ውስጥ በፍጥነት ይሄዳል፤ በውሃ ውስጥ ግን በጣም ይዘገያል። ስለዚህ ይህ ሽፋን እንደ ጠባብ በር ያገለግላል። ተክሉ እንደ ሁኔታው በሩን ጠበብ ወይም ሰፋ ማድረግ ይችላል።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ባክቴሮይዱ የሚተነፍስበት ልዩ ኢንዛይም እጅግ ጥቂት ኦክሲጅን እንኳን አሳድዶ የሚይዝ ነው። የገባው ሁሉ ወዲያው ስለሚበላ የሚጠራቀም የለም።

ሦስተኛው ቀዩ ነገር ነው፤ ሌግሄሞግሎቢን። ጃፓናዊው ኩቦ በ1939 (እ.ኤ.አ.) የኖዱል ቀይ ቀለም የሄሞግሎቢን ወገን መሆኑን አሳወቀ። አባታችን «ደም ነው?» ሲሉ ያልተሳሳቱት ለዚህ ነው። እንደ እኛ ደም ሁሉ መሐሉ ላይ ብረት የያዘ ሂም አለው፤ ኦክሲጅንንም ይሸከማል። ልዩነቱ አጥብቆ የሚይዝ መሆኑ ነው። ከእኛ ሄሞግሎቢን ይልቅ ኦክሲጅንን በእጅጉ አጥብቆ ስለሚይዝ በሴሉ ውስጥ ነፃ ሆኖ የሚንሳፈፍ ኦክሲጅን የለም ማለት ይቻላል።

ውሃ በሚጠፋበት ቀን ከቦኖ እስከ ዶርም ተሰልፈን ጀሪካን ስንቀባበል የሚሆነውን አስቡት። ውሃው ሳይፈስ ከእጅ ወደ እጅ እየተሻገረ ከቦታው ይደርሳል። ሌግሄሞግሎቢንም ኦክሲጅኑን ሳያፈስ እየተቀባበለ እስከ ባክቴሮይዱ ያደርሰዋል።

ውጤቱን በቁጥር እንየው። ከአየር ጋር በተገናኘ ተራ ውሃ ውስጥ በአንድ ሊትር 250 ማይክሮሞል ያህል ኦክሲጅን ይሟሟል። በሚሠራ ኖዱል ማዕከል ውስጥ ያለው ነፃ ኦክሲጅን ግን ከ5 እስከ 60 ናኖሞል ይሆናል፤ በሺዎች እጥፍ ያነሰ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ሎተስ የተባለው የጥራጥሬ ወገን ተክል ሌግሄሞግሎቢን እንዳይሠራ ሲደረግ ነፃ ኦክሲጅኑ እንደሚጨምር፣ ናይትሮጂኔዙ እንደሚጠፋ፣ ተክሉም ናይትሮጂን እንደሚያጥረው አሳይቷል።

በነገራችን ላይ በአሜሪካ ያለ ሥጋ የሚሠራ አንድ ዓይነት በርገር የሥጋ ቀለምና ጣዕም እንዲኖረው የሚጨመርበት ይኸው የአኩሪ አተር ሌግሄሞግሎቢን ነው። እርሾ ውስጥ በጄኔቲክ ምህንድስና ይመረታል።

ጠባቂው ራሱ ጠላት ሊሆን ይችላል

እስካሁን ኖዱሉ የሰላም ይመስላል። ችግሩ የሚመጣው ከዚሁ ከተሸካሚው ነው።

ኦክሲጅን የተሸከመው ሌግሄሞግሎቢን አልፎ አልፎ ኦክሲጅኑን በንጹሕ አይለቅም። ከብረቱ አንድ ኤሌክትሮን ይዞ ያመልጣል። ኤሌክትሮን ይዞ ያመለጠ ኦክሲጅን ሱፐር ኦክሳይድ ይባላል። ከሩጫው ብዛት የተነሳ ከባክቴሮይዱና ከሚቶኮንድሪያው የአተነፋፈስ ሰንሰለትም ኤሌክትሮን ይንጠባጠባል፤ ያም ሱፐር ኦክሳይድ ይፈጥራል። ሱፐር ኦክሳይድ ወደ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይለወጣል። ፋርማሲ ውስጥ ቁስል ለማጠብ የምናውቀው ፈሳሽ ነው።

ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ብቻውን ያን ያህል አያስፈራም። የሚያስፈራው ነፃ ብረት ሲያገኝ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሃይድሮክሲል ራዲካል ይወለዳል። ኬሚስትሪ የምትማሩ ይህን የፌንተን ሪአክሽን ብላችሁ ታውቁታላችሁ። ሃይድሮክሲል ራዲካል ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፤ የሴል ሽፋን ስብ፣ ፕሮቲንና ዲኤንኤ አይመርጥም። እርሱን የሚያከሽፍ ኢንዛይም የለም፤ ከተወለደ በኋላ ለማስቆም ጊዜ አይሰጥም።

ኖዱል ደግሞ በብረት የተሞላ ቤት ነው። ናይትሮጂኔዝ ብረት አለው፤ ሌግሄሞግሎቢን ብረት አለው፤ የአተነፋፈስ ኢንዛይሞችም ብረት አላቸው። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ሲበዛ ራሱን ሌግሄሞግሎቢኑን ያጠቃዋል። ሂሙ ሲፈርስ ብረቱ ይፈታል፤ የተፈታው ብረት ሌላ ሃይድሮክሲል ራዲካል ይፈጥራል፤ እርሱ ደግሞ ሌላውን ሂም ያፈርሳል። ቀዩ ቀለም ወደ አረንጓዴ የሚለወጠው ሂሙ ሲበላሽ ነው። እኛም ስንመታ ቆዳችን ላይ የበለዘው ደም ከቀናት በኋላ አረንጓዴ የሚመስለው በተመሳሳይ ምክንያት፣ ሂም ሲፈርስ ነው።

አጥፊዎቹ ሲወለዱ፣ ጠባቂዎቹም ሲያንሱ የሚፈጠረው ሁኔታ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይባላል።

ሁለተኛው መከላከያ፦ ተከታትለው የቆሙ ጠባቂዎች

ኖዱል ይህን አደጋ ለመመከት ብዙ ጠባቂ ይመድባል። አሠራራቸው በደረጃ ነው።

የመጀመሪያው ሱፐር ኦክሳይድ ዲስሙቴዝ ነው። ሁለት ሱፐር ኦክሳይዶችን ወስዶ አንዱን ወደ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ፣ ሌላውን ወደ ተራ ኦክሲጅን ይመልሳል። መዳብና ዚንክ፣ ማንጋኒዝ፣ ወይም ብረት የያዙ የተለያዩ ዓይነቶች አሉት።

ሁለተኛው ካታሌዝ ነው። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክሲጅን ይሰብራል። ካታሌዝ በተለይ የሚጠቅመው ብዛት ሲኖር ነው፤ ጥቂቱን አሳድዶ ለመያዝ አይመችም።

ሦስተኛው አስኮርቤት ፐርኦክሲዴዝ ነው፤ ጥቂቱን የሚለቅመው እርሱ ነው። የሚሠራው በአስኮርቤት፣ ማለትም ብርቱካን ውስጥ በምናውቀው ቫይታሚን ሲ ነው። ቫይታሚን ሲው ኤሌክትሮኑን ሰጥቶ ፐርኦክሳይዱን ውሃ ያደርገዋል። ያለቀውን ቫይታሚን ሲ ግሉታታዮን የተባለ ሌላ ሞለኪውል ይመልሰዋል፤ በአኩሪ አተርና በቦሎቄ የእርሱ ወንድም ሆሞግሉታታዮን ይሠራል። ያለቀውን ግሉታታዮን ደግሞ ኤንኤዲፒኤች ያድሰዋል። አሜሪካዊው ዳልተንና ባልደረቦቹ ይህ ዑደት በኖዱል ውስጥ እንደሚሠራ በ1986 (እ.ኤ.አ.) አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ በስፔን ዛራጎዛ የማኑኤል ቤካና የጥናት ቡድን ርዕሱን ለአሥርተ ዓመታት ሲያጠናው ቆይቷል።

አራተኛው ፌሪቲን ነው። ጠብ አይገባም፤ ብረቱን ሰብስቦ ይቆልፋል። ነፃ ብረት ከሌለ የፌንተን ሪአክሽን አይኖርምና።

ባክቴሪያውም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። የራሱ ካታሌዝ፣ የራሱ ዲስሙቴዝና ግሉታታዮን አለው። ግሉታታዮን መሥራት ያቃታቸው የራይዞቢየም ዓይነቶች በአልፋልፋ ሥር ላይ ሲሞከሩ ኖዱል መሥራት እንደሚያቅታቸው ወይም የሠሩት ኖዱል ቶሎ እንደሚያረጅ ታይቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስምሩበት። ከላይ ያለውን ሰንሰለት እስከ መጨረሻው ከተከተልነው ኤንኤዲፒኤች ላይ ይደርሳል። ኤንኤዲፒኤች የሚገኘው ከስኳር ነው። ስኳሩ የሚመጣው ከቅጠል ነው። ስለዚህ ጠባቂዎቹ ደመወዝተኞች ናቸው፤ ከቅጠል የሚላከው ስኳር ሲቋረጥ እነርሱም ሥራ ያቆማሉ። የትክል ድንጋዩን ጥያቄ የሚፈታልን ይህ ነጥብ ነው።

ሁሉም አጥፊ ነውን?

ፈተና ላይ ብዙዎቻችንን የሚያሳስት ጥያቄ አለ፤ «እነዚህ የኦክሲጅን ውላጆች በሙሉ ቢጠፉ ኖዱል ይጠቀማል ወይ?» መልሱ «አይጠቀምም» ነው። ባክቴሪያው በሥሩ ፀጉር በኩል ሲገባ፣ የሚገባበት ቱቦም ሲሠራ፣ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ እንደ መልእክተኛ ያገለግላል። ተክሉ እንግዳውን ከጠላት የሚለይበትም ሂደት በከፊል በዚሁ ያልፋል። ስለዚህ የኖዱሉ ሥራ በልክ መያዝ ነው።

ታችኛው ማሳ ምን ሆኖ ነው?

አሁን ወደ ማሳው እንመለስ። ታችኛው ማሳ ዋልካ ነው። ክረምት ሲጠነክር ውሃ ይተኛበታል። ባቄላ ከሽምብራና ከምስር ይልቅ ውሃ ይችላል፤ ቢሆንም ለሳምንታት ሲተኛበት አይችለውም። ውሃ የአፈሩን ቀዳዳ ሁሉ ሲሞላ ኦክሲጅን ወደ ኖዱሉ አይደርስም። ባክቴሮይዱ መተንፈስ ያቅተዋል፤ ኤቲፒ ይወርዳል፤ ናይትሮጂኔዝ ሥራ ያቆማል። ቅጠሉ ናይትሮጂን ስላጣ ይገረጣል፤ የገረጣ ቅጠል ስኳር አይሠራም፤ ስኳር ሲያጥር የጠባቂዎቹ ደመወዝ ይቋረጣል። ከዚያ ውሃው ጎደል ሲል ኦክሲጅን በድንገት ይመለሳል። ጠባቂ በሌለበት ቤት የኦክሲጅን ውላጆች ይፈነዳሉ፤ ሂሙ ይፈርሳል፤ ቀዩ አረንጓዴ ይሆናል።

ለዚህ ጉዳት መንገዱ ውሃ ብቻ አይደለም።

ድርቅ፦ ዝናብ ቀድሞ ሲወጣ ተክሉ ወደ ሥር የሚልከውን ስኳር ይቀንሳል። በአተር ላይ የተደረጉ ጥናቶች በድርቅ ጊዜ የኖዱል ጠባቂ ኢንዛይሞች እንደሚደክሙ፣ የተጎዳ ፕሮቲንና ስብም እንደሚበዛ አሳይተዋል።

የአፈር አሲዳማነት፦ በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል። በአሲዳማ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ሥሩን ይጎዳል፤ ፎስፈረስና ሞሊብዲነም ደግሞ ለተክሉ አይደርሱም። ናይትሮጂኔዝ ያለ ሞሊብዲነም አይሠራም። መፍትሔው ኖራ መጨመር ነው።

የናይትሮጂን ማዳበሪያ ብዛት፦ ይህ የአባታችንን ጥያቄ በቀጥታ ይመለከታል። ተክሉ ከአፈር ናይትሬት እንደልቡ ሲያገኝ ለኖዱል ስኳር መላኩን ይተወዋል። የኦክሲጅኑ በር ይጠብባል፤ ኖዱሉም ያለ ጊዜው ያረጃል። ውሃ በተኛበት መሬት ላይ ደግሞ ከዩሪያው ከፊሉ ወደ ጋዝ ተለውጦ ይበንናል፤ ከፊሉም ታጥቦ ይሄዳል።

የመለስነው መልስ

ስለዚህ «አይበትኑት» አልናቸው። «ዩሪያውን ለጤፉ ያቆዩት። እዚህ የጠፋው ኦክሲጅን ነው። ውሃው ከወጣ ገና ያልሞተው ሊያገግም ይችላል፤ የፈረሰው ግን አይመለስም።»

አባታችን ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። «ፈሰሱን ሳላወጣ የቀረሁት ዘንድሮ ነው» አሉ። «እጅ አጥሮኝ ነው። ልጁም እናንተ ዘንድ ነው።»

ይህን ሲሉ ወንድማችን አንገቱን ደፋ። ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ዶማ ይዘን ወረድን። አባታችን መስመሩን እያሳዩን በማሳው መሐል ሁለት ፈሰስ አወጣን። ውሃው ሲንፏቀቅ መውጣቱን እስኪያዩ ድረስ ከማሳው አልተነቃነቁም።

መስከረም አጋማሽ ላይ ወንድማችን ቤት ደውሎ ነበር። ከፈሰሱ አጠገብ ያለው ባቄላ አዲስ ቅጠል ማውጣቱን፣ ታናሽ እህቱ ነቅላ ስታየውም አዳዲስ ትናንሽ ኖዱሎች ማግኘቷን ነገሩት። መጨረሻው ጥግ ላይ ያለው ግን አልተረፈም። አባቱ ለከርሞ ያን ጥግ ባዶ ትተው ውሃው ሲሸሽ በመስከረም ሽምብራ ሊዘሩበት አስበዋል። የደምቢያ ገበሬዎች በዋልካ መሬታቸው ላይ ሽምብራን የሚያመርቱት ክረምቱ ሲወጣ፣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ነው።

እኛም ጨመርንላቸው፤ ሽምብራ በዚያ መሬት ላይ ተዘርቶ የማያውቅ ከሆነ የሚስማማው ባክቴሪያ ላይኖር ይችላል። በሀገራችን መናገሻ ባዮቴክ የተባለው ድርጅት ለየጥራጥሬው የሚሆን ሕያው ማዳበሪያ ያመርታል። ከዘሩ ጋር ታሽቶ የሚዘራ ነው። ሲገዛ ግን የሽምብራ መሆኑ ይረጋገጥ፤ የባቄላው ለሽምብራ አይሠራም። ሕያው ስለሆነም ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ከማዳበሪያ ጋርም አይደባለቅ።

እናንተም ሞክሩት

ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ይህን መሞከር ትችላላችሁ። ምላጭና ዶማ ይበቃል።

1. ተክሉ ማበብ ሲጀምር ከማሳው የተለያየ ቦታ አምስት እግር ያህል ምረጡ።
2. አትንቀሉት፤ ኖዱሉ አፈር ውስጥ ተበጥሶ ይቀራል። ዙሪያውን በዶማ ቆፍራችሁ ከነአፈሩ አውጡትና በውሃ በቀስታ እጠቡት።
3. ትላልቆቹን ኖዱሎች ለሁለት ክፈሉ።
4. ቀለሙን አንብቡ። ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው። ነጭ ከሆነ ወይ ገና ልጅ ነው፣ ወይ ሥራ የማያውቅ ባክቴሪያ ይዟል። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ አርጅቷል ወይም ተጎድቷል።
5. ፍሬው መድረቅ ሲጀምር አረንጓዴ ብታዩ አትደንግጡ፤ ጊዜው ደርሶ ነው። በአበባ ጊዜ አረንጓዴ ካያችሁ ግን ምክንያቱን ፈልጉ፤ ውሃ፣ ድርቅ፣ አሲዳማነት ወይም የማዳበሪያ ብዛት ሊሆን ይችላል።

ያያችሁትን ጻፉና ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ አሳዩ። ለመመረቂያ ጥናት ርዕስ ለምትፈልጉ የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪና የግብርና ተማሪዎችም ከዚህ የቀረበ ርዕስ አይገኝም። ማሳው እኛው ቤት ነው፤ ጠያቂዎቹም ወላጆቻችን ናቸው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ናይትሮጂኔዝ በኦክሲጅን የሚበላሽ ከሆነ ኖዱል ኦክሲጅንን ጨርሶ የማይዘጋው ለምንድን ነው?
2. ሌግሄሞግሎቢን ጠባቂም አደገኛም የሚሆነው እንዴት ነው?
3. ካታሌዝና አስኮርቤት ፐርኦክሲዴዝ ሁለቱም ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድን ያጠፋሉ። ታዲያ ሁለቱም ለምን አስፈለጉ?
4. የቅጠል መገርጣት የኖዱልን መከላከያ የሚያዳክምበትን መንገድ ከስኳር እስከ ግሉታታዮን ተከታትላችሁ አስረዱ።
5. ቢጫ የሆነ የባቄላ ማሳ ብታዩ ዩሪያ ከመምከራችሁ በፊት ምን ታደርጋላችሁ?

የመጨረሻውን ጥያቄ እኛ ልንስት ለጥቂት ነበር። ወንድማችን «መጀመሪያ ሥሩን እንየው» ባይል ኖሮ የአንድ ቤተሰብ የጤፍ ማዳበሪያ ውሃ ውስጥ ይገባ ነበር። መልሶቻችሁንና ከየአካባቢያችሁ ያያችሁትን የኖዱል ቀለም ጻፉልን፤ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እትም እንወያይበታለን።